ጳጉሜ ስድስትን የማያውቅ ስልክ

ጥር 2፣ ሐሙስ

የጉባኤው ቀን ተቆረጠ። ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 24። ቦታው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወጣው መንገድ ላይ ያለ የማሠልጠኛ አዳራሽ ነው። ባሕር ዛፍ፣ ንጹሕ አየር፣ አልፎ አልፎ ዋይፋይ።

የሶፍትዌር ባለሙያዎችን ጉባኤ እናዘጋጅ ያለው ጆኒ ነው፤ ስለዚህ ሰብሳቢም እሱ ነው። ሁሉም ነገር ይቻላል ብሎ ስለሚያምን የማይቻለውን የማስታወስ ሥራ ለእኔና ለሐቢባ ወድቋል። ሐቢባ ምግቡንና ስፖንሰሮቹን ይዛለች። እኔ ቦታና መርሐ ግብር። ጠዋት ላይ የግማሽ ሰዓት ንግግርም አለኝ፤ ርእሱ «ስህተት እንዴት ይፈለጋል»። ሶፍትዌር ፈታሽ ነኝ። ሌሎች የሠሩትን እየነካካሁ የት ጋ እንደሚሰበር መንገር ነው ሥራዬ፤ ብዙ ጓደኛ የሚያፈራ ሙያ አይደለም።

ቀበና በምንገናኝበት ካፌ ውስጥ ጆኒ «በዛ ሳምንት በዓል ምናምን የለም አይደል? ሥርጉት፣ አንቺ የሰፈሩ ልጅ ነሽ» አለኝ። ስልኬን አወጣሁ። የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ ንግሥ፣ ፌብሩዋሪ 23፣ በየዓመቱ እንዲደጋገም ሆኖ ተሞልቷል። ከዓመታት በፊት የሞላሁት እኔው ነኝ።

«ንግሡ ዓርብ ነው» አልኩ። «ቅዳሜ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቀናል።»

«ለዚህ እኮ ነው አንቺን የምወድሽ» አለ ጆኒ፣ ቀኑን እየጻፈ።

የምሠራበት ድርጅት ኅዳር ላይ እንደተዘጋ ሁለቱም ያውቃሉ። እማዬ አታውቅም። ጉባኤው ላይ ሰው የሚቀጥሩ የድርጅት ኃላፊዎች ይመጣሉ፤ ንግግሬን ሰምቶ «ይቺ ሴት ትምጣልኝ» የሚል አንድ ሰው ቢገኝ… እንዲህ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ከጻፍኩት አይቀር አንድ ሰው በቂ ነው።

ጥር 7፣ ማክሰኞ

ዛሬም ላፕቶፔን ይዤ እንደ ሠራተኛ ወጣሁ። ቀበና ካፌ እስከ ምሳ፣ ከዚያ ሐቢባ ቢሮ ጥግ ላይ። ሐቢባ ለባልደረቦቿ «አማካሪያችን ናት» ብላ አስተዋወቀችኝ። ማንም ምን እንደማማክር አልጠየቀም። መሥሪያ ቤት ማለት ይህ ነው፤ ናፍቆኝ ነበር።

እማዬ ስለ ሥራ መጠየቅ አቁማለች። ድሮ ገና በር ሳልዘጋ «እንዴት ዋልሽ፣ አለቃሽስ?» ነበር። ዕድሜ ይሆናል። ምሳዬን ግን ከበፊቱ አብዝታ ትቋጥርልኛለች። ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ለሐቢባ አካፍላታለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነበረብኝ፤ ጠዋት እየተጣደፍኩ አልተናገርኩም።

ጥር 11፣ ቅዳሜ። ጥምቀት

ጆኒ ከናይሮቢ ከሚመጣው ዋና ተናጋሪያችን ጋር የኢንተርኔት ስብሰባ የያዘው ለዛሬ ነበር። ስልኩ ላይ ያለው የበዓላት ካላንደር ጥምቀት ትናንት ነው ይላል። ዓርብ፣ ጃንዋሪ 19፣ እንደ ወትሮው። እንግዳው ብቻውን ስክሪን ፊት ተቀምጦ ጠበቀ፤ ጆኒ ጃን ሜዳ መዝሙር መሐል ሆኖ ይቅርታ ጻፈለት።

ሐቢባ በቴሌግራም ቡድናችን ላይ «ጆኒ፣ ዘንድሮ ጥምቀትህን ትናንት ለብቻህ አከበርክ?» አለችው። እኔም ሳቅሁበት። ሦስት የሚስቁ ምስሎች ላክሁ፤ ከመሰል ባለሙያ የማይጠበቅ።

እንግዳው ደግ ሰው ነው። «እናንተ አገር ጊዜው ሰፊ ነው» ብሎ መለሰ።

ጥር 16፣ ሐሙስ

ለመውጣት ጫማዬን ሳስር እማዬ ከእትዬ በለጡ ጋር በስልክ ታወራ ነበር። እትዬ በለጡ የማኅበሯ እናት ናቸው፤ ስልክ ላይም እንደ ቅዳሴ ነው የሚያወሩት። «ዘንድሮማ ቅዳሜ ስለዋለች ሕዝቡን ማን ይችለዋል» ስትል ሰማሁ። የማን ሠርግ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከእማዬ ጋር ጥያቄ መጀመር ጥያቄ መቀበልም ነው።

ታክሲ። ሰልፍ። ስለ ባጅ ማተሚያው ለጆኒ መደወል። ስለ ፕሮጀክተሩም።

ጥር 24፣ ዓርብ

ካፌው ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ልጆች፦

«ቴስተር መቅጠር ቀረ እኮ። ማሽኑ ራሱ ጽፎ ራሱ ይፈትሻል።»

«ራሱ ጽፎ ራሱ ካረመማ እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሁሉንም እደፍን ነበር።»

ሁለተኛውን ልጅ ዞሬ ላመሰግነው ፈልጌ ነበር። አላወቅኩትም፤ ማክያቶ ልግዛለት ብልም ሌላ መስሎት ይደነግጣል። በልቤ አመሰገንኩት።

የመጀመሪያው ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ንግግሬን ለአራተኛ ጊዜ አስተካከልኩ። መግቢያው ላይ ያለው ቀልድ አሁን ከራሱ ከንግግሩ ይረዝማል።

የካቲት 1፣ ዓርብ

ከእንግዳው አዳር እስከ ሻይ ስኒ ሁሉም ተያዘ። ሐቢባ የምትገርም ፍጡር ናት። ስፖንሰር የምትለምነው እነሱ የለመኗት አስመስላ ነው። አንዱን በስልክ «ስማችሁ ከበሩ ላይ ቢቀር ሰው ምን ይላል ብዬ ነው የደወልኩት» ስትለው ሰማሁ። አመስግኖ ዘጋ።

ቤት ስገባ እማዬ ነጠላዎች አጥባ አስጥታለች፤ ግቢው የመርከብ ሸራ መስሏል። ለእሷ ብቻ አይሆንም፤ ብዛቱ የማኅበሩ ሁሉ ነው። «ምን ተገኘ?» ልላት አፌ ላይ ደረሰ። «ደከመኝ» ብዬ ገባሁ።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ቲሸርቶቹ መጡ። ጥቁር ናቸው። የዚህ ዓለም ፕሮግራመር ሁሉ ጥቁር ይለብሳል፤ ለምን እንደሆነ ያጠና የለም። ጆኒ ለብሶ ዞሮ አሳየን። ሐቢባ «የቀብር አስፈጻሚ ትመስላለህ» አለችው። «ፕሮፌሽናል ነው» አለ።

አንድ ሳምንት ቀረን። የጎደለ ነገር አለ የሚል ስሜት ይዞኛል። ሶፍትዌር ስፈትሽም ይህ ስሜት ይመጣብኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ዝርዝሩን ሁለቴ አየሁት። ምንም አልጎደለም።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

ጎድሏል።

ጠዋት እማዬ ቀሚሷን ስትተኩስ ደረስኩባት። ደግ ልሁን ብዬ «ንግሡ ነገ አይደል? ዛሬ ዘገየሽ» አልኳት። ካውያውን አቆመች።

«ነገ እኮ ዐሥራ አምስት ነው።»

«ፌብሩዋሪ ሃያ ሦስት» አልኩ።

«የፈረንጁን አላውቅልሽም። ኪዳነ ምሕረት የካቲት ዐሥራ ስድስት ነች፣ ቅዳሜ ነች። አምና ጳጉሜ ስድስት ሆና የለ እንዴ? ፈረንጁ ነው የተዛነፈው እንጂ እኛ እዚያው ነን።»

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከስድስተኛዋ ጳጉሜ በኋላ እስከ የካቲት ማለቂያ ግድም ሁሉም ቀን በፈረንጁ አንድ ቀን ይገፋል፤ ይህን የማያውቅ ልጅ ሰፈራችን ውስጥ የለም። ጥምቀት በጃንዋሪ ሃያ ሲውል ሦስት የሚስቁ ምስሎች የላክሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ያው ስህተት ኪሴ ውስጥ ነበረ። ደብተሬን ገለጥኩ፤ «የካቲት 9፣ ቅዳሜ» ይላል፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ። ዘጠኝ ላይ ሰባት መደመር ነበር የቀረኝ።

ቅዳሜ፣ ከከተማው ግማሹ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወጣበት ቀን፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ በሦስት አውቶቡስ፣ የሶፍትዌር ጉባኤ።

ካፌው ሄጄ ነገርኳቸው። ጆኒ ካወቅኩት ጊዜ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይቻላል» አላለም። ስኒውን ከማስቀመጫው ላይ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። ሐቢባ አየችኝ፣ አየችው።

«ቆይ፣ የኪዳነ ምሕረትን ቀን ማጣራት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ እንዴ?» አለች። «ጎረቤቶቼን ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበር። የካራ ታክሲ ረዳት ሳይቀር ይነግረኝ ነበር። የሰፈሩ ልጅ!» ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ እንባዋ እስኪወርድ። እኔም እንባዬ ወረደ፣ በሌላ ምክንያት። እጄን ያዘችኝ። ስለዚያ እጅ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ አልጽፍም።

እንግዳው አውሮፕላን ውስጥ ነው። ሌላ አዳራሽ የለም፤ ጆኒ እስኪጨልም ደወለ። በመጨረሻ ሐቢባ «መንገዱንም በዓሉንም የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ። እናትሽስ?» አለች።

ሦስት ወር ሙሉ የሸሸሁት ነገር ይኸው ነው። ሄጄ ጠየቅኋት። እማዬ ነጠላ እያጠፈች ሰማችኝ።

«የመሥሪያ ቤትሽ ጉባኤ ነው?»

«እንደዚያ ነገር ነው።»

«እንደዚያ ነገር» ብላ ደገመችው፣ ዓይኗን ከነጠላው ላይ ሳታነሣ። ከዚያ ምንም ሌላ ነገር እንዳልተባለ ሁሉ ቀጠለች። «ሕዝቡ ሌሊት ይወጣል። ታቦቱ ረፋድ ላይ ወጥቶ ስድስት ሰዓት ገደማ ይገባል። እስከዚያ ድምፅ ማጉያው ስላለ፣ ስለ ኮምፒውተር ብታወሩ እርስ በርሳችሁም አትሰማሙ። ከምሳ በኋላ ጀምሩ። ዕቃችሁንና ምግባችሁን ነገ ረፋድ አስወጡ፤ ከሰዓት መንገዱ ይዘጋል። ሰዉ በእግሩ ይውጣ።»

«በእግሩ? ከፈረንሳይ ጀምሮ?»

«እግር የላቸውም? የማኅበራችን ድንኳን ከአዳራሻችሁ በር ፊት ለፊት ነው። የጠማው ይምጣ።»

እኛ በስድስት ሳምንት ያበላሸነውን ነጠላው ታጥፎ ሳያልቅ አቃናችው።

የካቲት 15፣ ዓርብ

ዕቃው ወጣ። ከበበ የሚባል ሾፌር አንዴ ሲወርድ አንዴ ሲወጣ ዋለ። ከሰዓት ላይ ሲመለስ «እህቴ፣ ከእንግዲህ እንኳን መኪና አህያም አያልፍም» አለኝ። ከእሱ ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ። እግዜር ይስጠው፤ የመጨረሻውን ጉዞ አልሄድም ብሎ ነበር፣ እሺ ያለው የእማዬን ስም ስጠራ ነው።

ለተመዘገቡት ሁሉ መልእክት ተላከ፦ ሰባት ሰዓት ይጀመራል፣ መኪና አይወጣም፣ ምቹ ጫማ። ወዲያው የመጣ መልስ፦ «ጉባኤ ነው ሱባኤ?»

ግማሽ ቀን ሄደ፤ ስለዚህ ግማሹ ንግግር ይሰረዛል። ጆኒ መርሐ ግብሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ማንንም ሳያይ ተቀመጠ። እስክሪብቶውን ወስጄ መጀመሪያ የራሴን ሰረዝኩ።

«አይሆንም» አለ ጆኒ። ቀስ ብሎ ነው ያለው።

«ስህተቱ የኔ ነው፣ ሰዓቱም የኔ ይሁን።»

ሐቢባ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ምን እንደሰረዝኩ ታውቃለች።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ

ጠዋት። መንገዱ ከላይ እስከ ታች ነጭ። መዝሙር። አቧራ። አዳራሹ ውስጥ ሦስታችንና ሁለት መቶ ወንበር። ጆኒ ማይክሮፎኑን ይሞክራል፤ ማንም አይሰማም፣ እሱም ጭምር። ማንም አይመጣም። ማንም።

ማታ። ደክሞኛል፣ ደግሞ ደስ ብሎኛል።

ከአምስት ሰዓት ጀምሮ መጡ። ነጩ ሕዝብ መሐል ጥቁር ቲሸርቶች፣ እንደ ቡና ፍሬ በወተት ላይ ተንሳፍፈው፣ እያለከለኩ፣ ላፕቶፕ አዝለው። ታቦቱ ገና ስላልገባ ከድንኳኑ አጠገብ ቆመው ጠበቁ። እትዬ በለጡ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«እናንተ ልጆች፣ በኪዳነ ምሕረት ቀን ጥቁር? ማን ሞቶባችሁ ነው?»

የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ እንደሚለብሰው ላስረዳቸው ሞከርኩ። «እግዚአብሔር ያጽናቸው» አሉና የማኅበሩን ትርፍ ነጠላ ማደል ጀመሩ። እማዬ ያጠበቻቸው ናቸው። የናይሮቢውን እንግዳ ራሳቸው አለበሱት፤ ቀኑን ሙሉ አላወለቀውም። ሐቢባ ዘንድ ሲደርሱ ሻሿን አዩ። «ይቺ ለብሳ መጣች፤ አስተዋይ ልጅ።»

«ከቤት የለመድኩት ነው፣ እትዬ» አለች ሐቢባ።

«ግቢ ልጄ፣ ዳቦ ብዪ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና እማዬን በስሟ ተጣሩ፤ ድምፃቸው ያው የቅዳሴው ነው።

«አገርነሽ! ሥራ ያጣችው ልጅሽ ይቺ ናት? ከኅዳር ጀምሮ በየወሩ በዐሥራ ስድስት ስላንቺ ስንማጠን ነው የከረምነው። እንዴት ሆነ፣ ተገኘ?»

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት እናቶች ሁሉ መልሴን ጠበቁ። እማዬ ዳቦ ትቆርስ ነበር። ከዚያች ዳቦ በላይ የሚያስጨንቃት ነገር በዚህ ዓለም ያለ አይመስልም።

«ገና ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«ይገኛል» አሉ፣ ቀጠሮ እንደያዘልኝ ሰው።

እኔ በየማለዳው የሥራ ቦርሳ ይዤ ስወጣ የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ሥራ እንደሌለኝ ያውቁ ነበር። ከሰፈሩ ያላወቀ ቢኖር እኔ ነኝ፤ ማወቃቸውን።

ታቦቱ ገባ፤ ሰባት ሰዓት ላይ ጀመርን። አዳራሹ ሞላ፤ ተሳላሚ እናቶችም እግራቸውን ለማሳረፍ ከኋላ ገብተው ተቀመጡ። ማንም አላስወጣቸውም። ስለ ዳታቤዝ የተሰጠውን ንግግር ከመሐላቸው ሁለቱ እስከ መጨረሻ ሰሙ። አንዷ አንቀላፍታለች፤ ከፊቷ የነበሩት ሁለት ባለሙያዎችም እንዲሁ።

ገና በመክፈቻው አንዱ ተነሥቶ «ለምን ነው ግማሽ ቀን የሆነው?» ብሎ ጠየቀ። ጆኒ «እሱን ሥርጉት ትንገራችሁ» አለ። ተነሣሁ። ለግማሽ ሰዓት ያዘጋጀሁት ንግግር የለም፣ ረጅሙ ቀልድም የለም።

እንዲህ አልኩ፦ «ፈታሽ ነኝ። ስልኬ አልተሳሳተም፤ እንዳዘዝኩት ነው ያደረገው፤ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ቀኑ እንደሚገፋ አልነገርኩትም። ጥምቀት በሃያ ሲውል በሰው ስልክ ሳቅሁ፣ የራሴን አላየሁም። ቢሮ በአንድ ካላንደር፣ ቤት በሌላ እንኖራለን። ፕሮግራማችን የሚሰበረው ሁለቱ በሚገናኙበት በር ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ በሩን አንፈትሽም። የኔን በር የምታውቀውን ሰው በየቀኑ አገኛት ነበር። መጠየቅ ነበረብኝ። አሁን ነጠላ የለበሳችሁት በዚህ ምክንያት ነው።»

ሳቁ። ከእኔ ጋር ነው የሳቁት፤ ልዩነቱ ይታወቃል።

በዕረፍት ሰዓት መቅደላዊት የምትባል ሴት መጣች። ለክሊኒኮች የሕሙማን ቀጠሮ የሚይዝ ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድን ትመራለች። «ከመስከረም ጀምሮ አንዳንዱ ቀጠሮ በአንድ ቀን እየተዛነፈብን ሰው ተመልሶ ይሄዳል። አምስት ሰው መድቤ ያጣሁትን አንቺ ቆመሽ ነገርሽኝ። ጳጉሜ!» አለች። ከዚያ፦ «ሰኞ ጠዋት መምጣት ትችያለሽ?»

ሥራ አላለችም። ነይ ነው ያለችው። እችላለሁ አልኳት።

የካቲት 17፣ እሑድ

እማዬና እኔ ቁርስ ላይ ነን። «መቼ አወቅሽ?» አልኳት።

«ድሮ እራት ላይ ስልክሽ ሲጮኽ ትራገሚ ነበር። ኅዳር ላይ ዝም አለ።» ሻይ ቀዳችልኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ተኝተሽ ትውዪ ነበር። ሥራ ያለው ሰው ቅዳሜ ያርፋል። አንቺ ማለዳ መውጣት ጀመርሽ።»

ፈታሽነት ከእናት ሊወረስ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ስትነግሪኝ ልሰማ ብዬ።» ዳቦውን አስጠጋችልኝ። «ምሳውን አብዝቼ የቋጠርኩት ሥራ ፍለጋ ያስርባል ብዬ ነው።»

ሐቢባ ቢሮ እንደምበላው ነግሬ አመሰገንኳት። ከጥር ሰባት የዞረ ነው። እሷም «ብቻሽን ነው የበላሽው ወይስ ለሐቢባ አካፍለሻታል?» አለችኝ። አካፍያታለሁ። ትክክል መሆኔን ራሷን ነቅንቃ አጸደቀች።

የካቲት 18፣ ሰኞ

ነነዌ ገባች። ጾም ስለሆነ የተቋጠረ ምሳ የለም። በር ላይ እማዬ «ወዴት ነው?» አለችኝ። ከኅዳር ወዲህ ስለ ውሎዬ ስትጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«መቅደላዊት የምትባል ሴት ጋ። የሕሙማን ቀጠሮ የሚይዘውን ሶፍትዌራቸውን ላይላቸው። ሥራ ይሁን አይሁን ገና አላውቅም።»

«እሺ። ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ።»

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ከፈትኩ። ማስታወሻውን ላርመው ፈለግሁ፤ ስልኩ «በየዓመቱ» ይላል እንጂ «ጳጉሜ ስድስት ስትሆን አንድ ቀን ግፋ» የሚል ምርጫ የለውም። አጠፋሁት። በምትኩ ጥር መግቢያ ላይ በየዓመቱ የሚደጋገም ሌላ ሞላሁ፦

እማዬን ጠይቂ።

ይኼኛው በአንድ ቀን ቢዛነፍም ግድ የለም።